እናት የሰነቀችው፦ አንድን ጂንና ፕሮቲኑን ሳጠና የተሳሳትኩባቸው ቦታዎች

ለሦስተኛ ዲግሪዬ ወደ ጀርመን አገር የሄድኩት አንድ ጂን በፅንስ የመጀመሪያ ሰዓታት ምን እንደሚሠራ፣ ከእሱ የሚገኘው ፕሮቲንም ዲኤንኤ በሚቀመጥበት በህዋስ ኒውክሊየስ ውስጥ ምን ድርሻ እንዳለው ለማጥናት ነበር። አራት ዓመት ይበቃዋል የተባለው ሥራ ስድስት ዓመት ወሰደ። በእነዚህ ዓመታት የገጠመኝን ሁሉ ለመዘርዘር አልነሳም፤ የምጽፈው ጊዜዬን የበሉትን ስህተቶችና ከእነሱ የወጣሁበትን መንገድ ብቻ ነው፤ ከእኔ በኋላ ወደዚህ መስክ የገቡ ወጣቶች በዚያው ጉድጓድ ሲወድቁ አይቻለሁና። ውጤቱ ገና ስላልታተመ የጂኑን ስም አልጠራም፤ ለምነግራችሁ ነገርም ስሙ አያስፈልግም።

በአዲስ አበባ የሁለተኛ ዲግሪዬን ስሠራ ከስንዴ ዋግ ዲኤንኤ እያወጣሁ ስለነበር ሕይወት ያለው ፅንስ በማይክሮስኮፕ አይቼ አላውቅም ነበር። በጀርመን የተሰጠኝ ዜብራፊሽ የሚባለው፣ ከጣት የማይበልጥ፣ በደቡብ እስያ ወንዞች የሚኖር ባለ ዝንጉርጉር መስመር ዓሣ ነው። ጆርጅ ስትራይሲንገር የተባለ ሳይንቲስት በአሜሪካ የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ለዘር ጥናት ካለማመደው ወዲህ በዓለም ላቦራቶሪዎች ተሰራጭቷል፤ ሙሉ ዘረመሉ በ2013 እ.ኤ.አ. ሲታተም ፕሮቲን የሚሠሩ ከ26,000 በላይ ጂኖች እንዳሉት፣ ከሰው ጂኖችም 70 በመቶ ያህሉ በእርሱ ውስጥ ዘመድ እንዳላቸው ታውቋል። እንቁላሉ ከእናቱ ሆድ ውጭ ስለሚዳብርና እንደ ብርጭቆ ጥርት ያለ ስለሆነ እያንዳንዱ ህዋስ ሲከፈል በዓይን ይታያል። በ28.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት የመጀመሪያው መከፈል ከተዳቀለ 45 ደቂቃ ያህል በኋላ ይሆናል፤ ከዚያ በየ15 ደቂቃው እየተከፈለ በሦስት ሰዓት ወደ አንድ ሺህ ህዋስ ይደርሳል።

የጥናቱ ሁሉ ቁልፍ እነዚህ ሦስት ሰዓታት ናቸው። ፅንሱ በዚህ ጊዜ የራሱን ጂኖች ገና አያነብም ማለት ይቻላል። የሚኖረው እናቱ እንቁላሉን ስትሠራ ባስቀመጠችለት ፕሮቲንና መልእክተኛ አርኤንኤ፣ ማለትም ፕሮቲን በሚሠራበት የጂን መልእክት፣ ነው። እኔ ይህን «ስንቅ» እለዋለሁ፤ መንገደኛው የራሱን እህል አምርቶ መብላት እስኪጀምር ድረስ ከቤት ይዞት የወጣው ስንቅ ያቆየዋል። ስንቁ ሲያልቅ የፅንሱ የራሱ ጂኖች መንቃት አለባቸው። በዝንብ ፅንስ ይህን የማንቃት ሥራ የሚመራው ዜልዳ የተባለ ፕሮቲን መሆኑ በ2008 እ.ኤ.አ. ታወቀ፤ በዜብራፊሽ ደግሞ ናኖግ፣ ፖው5ኤፍ3 እና ሶክስ19ቢ የተባሉት ፕሮቲኖች እንደሆኑ በ2013 ታየ። የእኔም ጂን በኮምፒውተር ሲታይ ዲኤንኤን የሚይዝ ዚንክ ፊንገር የተባለ ቅርጽ ያለው፣ በጫፉ ላይም ላይሲንና አርጂኒን የተባሉ አሚኖ አሲዶች የተደረደሩበት ፕሮቲን የሚሠራ ስለነበር፣ ወደ ኒውክሊየስ ገብቶ ጂኖችን ከሚያነቁት ወገን ሊሆን ይችላል ብለን ተነሣን።

የመጀመሪያው ስህተቴ መቸኮል ነበር። ጂኑን ከሥሩ ለመቁረጥ ወራት እንደሚወስድ ስለማውቅ በሳምንት ውስጥ ውጤት የሚሰጠውን ሞርፎሊኖን መረጥኩ። ሞርፎሊኖ በአንድ ህዋስ ላይ ባለው ፅንስ ውስጥ በመርፌ የሚገባ፣ መልእክተኛ አርኤንኤው ላይ ተለጥፎ ሥራውን የሚያግድ ሰው ሠራሽ ሞለኪውል ነው። ወጋሁ፤ በማግሥቱ ፅንሶቹ ጭንቅላታቸው ያነሰ፣ ጅራታቸው የተቆለመመ ሆነው አገኘኋቸው። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። እናቴ ደውላ «አሁንም ዓሣው ጋ ነሽ?» ስትለኝ «እማዬ፣ ተሳካ!» ያልኳት ትዝ ይለኛል። ለስምንት ወራት ያንን የተቆለመመ ጅራት ስለካ፣ ስቆጥርና ፎቶ ሳነሳ ቆየሁ።

የሞርፎሊኖ መርፌ ፒ53 የተባለውን የህዋስ ሞት መንገድ በሐሰት ሊያስነሳ እንደሚችል፣ የሞቱ ህዋሳትም በተለይ በአንጎል አካባቢ ጭንቅላትን እንደሚያሳንሱ በ2007 እ.ኤ.አ. ታትሞ ነበር። በ2015 ደግሞ በሞርፎሊኖ ከታዩ ጉድለቶች 80 በመቶ ያህሉ ጂኑ በእርግጥ በተቆረጠባቸው ዓሦች ላይ እንዳልታዩ የሚያሳይ ጥናት ወጥቷል። ሁለቱንም አንብቤአቸዋለሁ፤ ግን ሰው የሚወደውን ውጤት ሲያገኝ ያነበበው ሁሉ ስለ ሌላ ሰው ሥራ የተጻፈ ይመስለዋል። ከዚህም የባሰው ነገር የመረጥኩት የሞርፎሊኖ ዓይነት ነበር። የእኔ ሞርፎሊኖ ጥሬው አርኤንኤ ተቆራርጦ ሲገጣጠም የሚያግድ ዓይነት ስለነበር እናቲቱ ገጣጥማና አዘጋጅታ እንቁላሉ ውስጥ ያስቀመጠችውን አርኤንኤ ጨርሶ ሊነካው አይችልም። ስለዚህ ጂኑ ዋና ሥራውን ይሠራበታል ባልኩት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዓታት ምንም አላገድኩም ማለት ነው። ሞርፎሊኖ የምትጠቀሙ ካላችሁ መርፌውን ከማንሳታችሁ በፊት ያልተዳቀለ እንቁላል ውስጥ የጂናችሁ አርኤንኤ መኖሩን በፒሲአር፣ ማለትም የአንድን ጂን ቁራጭ አብዝቶ በሚያሳየው ዘዴ፣ እዩ። ካለ፣ መገጣጠምን የሚያግደው ዓይነት ለመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ጥያቄ አይሆናችሁም፤ ፕሮቲን እንዳይሠራ የሚያግደው ዓይነት ደግሞ አርኤንኤውን ቢይዝም እናት አስቀድማ የሠራችውን ፕሮቲን አያስወግድም። እኔ ይህን የግማሽ ቀን ፒሲአር የሠራሁት በሁለተኛው ዓመት ነው፤ ባልተዳቀለው እንቁላል ውስጥ የጂኔ አርኤንኤ ሞልቶ ተገኘ።

በዚያው ዓመት ዲኤንኤን በተፈለገው ቦታ በሚቆርጠው በክሪስፐር ጂኑን ቆረጥኩ። ዓሣው ለመዋለድ ሦስት ወር ያህል ስለሚፈልግ የተወጉት አድገው፣ ልጆቻቸው ተመርምረው፣ ከእናትና ከአባት ከሚወረሱት ሁለት የጂን ቅጂዎች አንዱ የተበላሸባቸው ወንድና ሴት እርስ በርስ እስኪዳቀሉ ድረስ ዓመት ሊሞላ ነበር። ያገኘሁት ለውጥ የሰባት የዲኤንኤ ሆሄያት መጥፋት ነው፤ ህዋስ ሆሄያቱን ሦስት ሦስት እያደረገ ስለሚያነብ፣ ሰባትም ለሦስት ስለማይካፈል የፕሮቲኑን ንባብ አዛብቶ ቶሎ ያስቆመዋል። ከዚህ ዳቅል ሩብ ያህሉ ሁለቱም ቅጂዎቻቸው የተበላሹ እንደሚሆኑ የሜንዴል ሕግ ይናገራል። ሆኑም። ነገር ግን ሁሉም ጤነኞች ነበሩ። ጭንቅላታቸውም ጅራታቸውም የወንድሞቻቸውን ይመስላል፤ ይዋኛሉ፣ ይበላሉ፣ ያድጋሉ። ያ የተቆለመመ ጅራት የመርፌዬ እንጂ የጂኔ አልነበረም።

ከዚህ በኋላ የመጣው ጊዜ ከሁሉም የከፋው ነው። ስብሰባ ላይ የማቀርበው አልነበረኝም፤ አማካሪዬ ጂን እንድቀይር በለሰለሰ አነጋገር ሐሳብ አቀረበልኝ። እኔ ግን እጅ ላለመስጠት ሌላ ማብራሪያ ያዝኩ። አንድ ጂን ሲቆረጥ ዘመዶቹ ተነሥተው ቦታውን እንደሚሸፍኑ በ2015 እ.ኤ.አ. በዚሁ ዓሣ ታይቶ ነበር፤ የዓሣ ዘር ጥንት ሙሉ ዘረመሉ ስለተባዛበትም ብዙ ጂኖች መንታ አላቸው። ስለዚህ የሸፈነውን ዘመድ ፍለጋ ሰባት ወር ተጓዝኩ። ማካካሻው እውነተኛ ክስተት ነው፤ ስህተቴ ቀላሉን ማብራሪያ ሳልፈትን ወደ ረቂቁ መሮጤ ነበር።

ያነቃችኝ በዓሣ ቤቱ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የሠራች ሴት ናት። ጠዋት መብራት ሲበራ ዓሦቹ እንቁላል ስለሚጥሉ በየማለዳው እዚያ እንገናኛለን። አንድ ቀን ፅንሶቹን እየለቀምኩ «ጂኑ የላቸውም፤ ግን ምንም አልሆኑም» ብዬ ሳማርር፣ ከገንዳዎቹ ዓይኗን ሳታነሳ «እናታቸውስ?» አለችኝ። እናታቸው ምን ሆነች ልላት አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እናታቸው አንድ ጤነኛ ቅጂ ያላት ነበረች፤ ከዚያ ጤነኛ ቅጂ የተሠራውን አርኤንኤና ፕሮቲን ለሁሉም እንቁላሎቿ እኩል ሰንቃለች። ልጁ የራሱ ጂን ቢጠፋበትም የእናቱ ስንቅ እስከሚያስፈልገው ሰዓት ድረስ አድርሶታል። የሚያሳፍረኝ ነገር ይህንኑ ስንቅ በጥናት ዕቅዴ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በራሴ እጅ መጻፌ ነው።

ደግነቱ ሁለቱም ቅጂዎቻቸው የተበላሹት ዓሦች ጤነኞች ስለነበሩ አድገው በገንዳቸው ነበሩ። ከእነርሱ ሴቷን ከወንዱ ጋር አዳቀልኳቸው። እንቁላሎቹ በደንብ ተከፈሉ፤ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት እያሉ እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ከጤነኞቹ አይለዩም ነበር። ከአራት ሰዓት በኋላ ግን ጤነኞቹ ህዋሶቻቸው አስኳሉን እንደ ጋቢ እየሸፈኑ ወደ ታች ሲወርዱ፣ የእኔዎቹ ባሉበት ቀሩ። አልፋ-አማኒቲን በተባለው የእንጉዳይ መርዝ የራሳቸውን ጂኖች እንዳያነቡ የተደረጉ ፅንሶችም በዚያው ደረጃ ላይ እንደሚቆሙ አውቅ ስለነበር፣ ማይክሮስኮፑ ላይ እንደተደፋሁ ልቤ ሲመታ ተሰማኝ። በዚያ ቀን ግን ለማንም አልደወልኩም። የጅራቱን ታሪክ አልረሳሁትም፤ ሦስት ጊዜ ከተለያዩ ወላጆች ደገምኩት። ከዚያም ጂኑ የሌላትን እናት ከጤነኛ አባት ጋር፣ ጂኑ የሌለውን አባት ከጤነኛ እናት ጋር አዳቀልኩ። ፅንሶቹ የቆሙት እናቲቱ ጂኑ ሲጎድላት ብቻ ነው፤ የአባት ጤነኛ ቅጂ ለማዳን ዘግይቶ ይደርሳል። እነዚህ ሁለት መስቀለኛ ዳቅሎች ምንም ወጪ የላቸውም፤ አንድ ጠዋት ብቻ ይፈልጋሉ። ጂናችሁ በእንቁላል ውስጥ ካለ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሁለቱም ቅጂዎቻቸው የተበላሹ ሴቶችን ለማሳደግ ጊዜ ያዙ፤ በዕቅዳችሁ ላይ ሦስት ትውልድ ብላችሁ ጻፉ። ሴቶቹ ሳያድጉ የሚሞቱባችሁ ከሆነ መንገዱ ሌላ ስለሚሆን ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል።

አሁን ወደ ፕሮቲኑ ልመለስ፤ እዚህ ያለው ስህተቴ ከጅራቱም ይልቅ ያሳፍረኛል። ገና በመጀመሪያው ዓመት ከአንድ ድርጅት አንቲቦዲ፣ ማለትም አንድን ፕሮቲን ለይቶ የሚይዝ ሞለኪውል፣ ገዝቼ ፅንሶቹን አቅልሜ ነበር። የሰውን ፕሮቲን ቁራጭ ለመያዝ የተሠራ ነው። ኒውክሊየሶቹ እንደ ጥምቀት ሻማ ቦግ ብለው ታዩ። ሥዕሉ በጣም ያምር ስለነበር በአንድ ጉባኤ ላይ በትልቅ ወረቀት አትሜ ለጠፍኩት። ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ ጂኑም የእናት ስንቁም የሌላቸውን ፅንሶች ሳገኝ፣ ለማነጻጸሪያ ብዬ በዚያው አንቲቦዲ አቀለምኳቸው። ፕሮቲኑ በሌለበት ፅንስ ውስጥ ኒውክሊየሶቹ ልክ እንደቀድሞው ቦግ ብለው ታዩኝ። አንቲቦዲው የሚይዘው ሌላ ነገር ነበር። ፕሮቲኖችን በመጠናቸው ለይቶ በአንቲቦዲ በሚያሳየው በዌስተርን ብሎት አይቼው የነበረው መስመርም እንዲሁ አልጠፋም፤ እንዲያውም የአስኳል ፕሮቲን እጅግ ስለሚበዛ አስኳሉን ቀድሜ ሳላስወግድ የሠራኋቸው ብሎቶች ሁሉ ምንም የሚነገርባቸው አልነበሩም። ያንን ሥዕል ከጽሑፌ ሳወጣ ለአማካሪዬ በግልጽ ነገርኩት፤ ከፈራሁት ይልቅ ቀለል አድርጎ ተቀበለኝ። አንቲቦዲን ከማመናችሁ በፊት ፕሮቲኑ በሌለበት ህዋስ ላይ ሞክሩት። እንዲህ ያለ ህዋስ ከሌላችሁ ሥዕሉን ለራሳችሁ አስቀምጡት እንጂ ግድግዳ ላይ አትለጥፉት።

አንቲቦዲው ከወደቀ በኋላ ፕሮቲኑን ከጂኤፍፒ፣ ማለትም ከጄሊፊሽ ከተገኘው አረንጓዴ አብሪ ፕሮቲን ጋር አጣብቄ አርኤንኤውን ወደ ፅንሱ ወጋሁ። ብርሃኑ በህዋሱ ሁሉ ተበትኖ ታየ። ኒውክሊየስ ውስጥ የለም ብዬ ልደመድም ስል ሁለት ነገሮች አቆሙኝ። አንደኛው ጂኤፍፒን ያጣበቅሁት በፕሮቲኑ መጨረሻ ላይ መሆኑ ነው፤ ላይሲንና አርጂኒን የተደረደሩበት፣ ወደ ኒውክሊየስ የሚያስገባው የይለፍ ምልክት ይሆናል ያልነው ቦታ ደግሞ እዚያው ጫፍ ላይ ነበር። ምልክቱን በራሴ እጅ ሸፍኜዋለሁ። ጂኤፍፒን ወደ መጀመሪያው ጫፍ ሳዛውረው ብርሃኑ በኒውክሊየሶቹ ውስጥ ተሰበሰበ፤ ግን በአንዳንድ ፅንሶች ብቻ፤ በሌሎቹ አሁንም ተበትኖ ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት ጊዜ ነበር፤ ይህን ለማወቅ ስድስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ህዋስ ሊከፈል ሲል የኒውክሊየሱ ሽፋን ይፈርሳል፤ ውስጡ የነበረው ፕሮቲንም ወደ ህዋሱ ይበተናል፤ ሽፋኑ እንደገና ሲሠራ ተመልሶ ይገባል። በአዋቂ ህዋስ ውስጥ ይህ ከረጅም ዑደት ትንሿ ክፍል ስለሆነች አታሳስትም። በዚህ ፅንስ ግን ዑደቱ በሙሉ 15 ደቂቃ ነው፤ ህዋሶቹም እስከ 512 ህዋስ አካባቢ ድረስ በአንድነት ማለት ይቻላል ይከፈላሉ። ስለዚህ ፅንሱን በኬሚካል ባለበት ያስቀረሁባት ደቂቃ የመከፈያ ደቂቃ ከሆነች፣ ከ64ቱ ህዋሶች በአንዱም ኒውክሊየስ አይታይም፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ብሆን ኖሮ በሁሉም ይታያል። ከዚያ ወዲያ ከአንድ ዳቅል በየሦስት ደቂቃው እየነጠልኩ ማስቀረት ጀመርኩ፤ ሕያዋኑንም በየ30 ሴኮንዱ ፎቶ አነሳሁ። ሲሰበሰብ፣ ሲበተን፣ ደግሞ ሲሰበሰብ እንደ ትንፋሽ ይታያል። በዚህ ደረጃ የምትሠሩ ሁሉ «በሁለት ሰዓት» ብላችሁ አትጻፉ፤ ደቂቃውን ጻፉ።

ስለ መጻፍ ካነሳሁ አንድ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ብቻ የምትሆን ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በማስታወሻ ደብተሬ የመጀመሪያ ገጾች ላይ «3 ሰዓት» የሚል በብዛት አለ። አንዳንዱ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው፤ አንዳንዱ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ከተዳቀለ ሦስት ሰዓት የሞላው ማለት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሳነበው የቱ የቱ እንደሆነ መለየት አቃተኝና የአንድ ወር ያህል መረጃ ጣልኩ። ለሙቀቱም ተጠንቀቁ፤ ሳህኑን ለሃያ ደቂቃ ጠረጴዛ ላይ ከረሳችሁት ፅንሱ ይዘገያል፤ የዘገየ ፅንስ ደግሞ የታመመ ይመስላል።

ፕሮቲኑ ኒውክሊየስ ውስጥ መታየቱ እዚያ ይሠራል ማለት አይደለም፤ ይህን የጠየቀኝ አንድ ገምጋሚ ነበር፤ ልክ ነበር። ስለ ይለፍ ምልክቶች በ1984 እ.ኤ.አ. ኤስቪ40 በተባለ ቫይረስ ፕሮቲን ላይ በተደረገ ጥናት፣ ሰባት አሚኖ አሲዶች ብቻ፣ ፕሮሊን፣ ሦስት ላይሲን፣ አርጂኒን፣ ላይሲንና ቫሊን፣ አንድን ፕሮቲን ወደ ኒውክሊየስ ለማስገባት በቂ መሆናቸው ታይቷል። እኔም በፕሮቲኔ ላይ ያሉትን አራቱን የምልክት አሚኖ አሲዶች አላኒን ወደተባለው ሌላ አሚኖ አሲድ ቀየርኳቸው። ፕሮቲኑ ከኒውክሊየስ ውጭ ቀረ። ከዚያ እናታቸው ስንቅ ያላስቀመጠችላቸውን ፅንሶች ወስጄ ለአንዳንዶቹ ጤነኛውን አርኤንኤ፣ ለአንዳንዶቹ የተቀየረውን ወጋሁ። ጤነኛውን ያገኙት አብዛኞቹ አስኳላቸውን ሸፍነው አደጉ፤ የተቀየረውን ያገኙት እንደነበሩ ቆሙ። በመጨረሻ በተቀየረው ፕሮቲን ላይ የኤስቪ40ን ምልክት ጨመርኩበት፤ ወደ ኒውክሊየስ ተመለሰ፤ ፅንሶቹም ዳኑ። ከስድስት ዓመት ሥራዬ ሁሉ አንዱን ብቻ አሳዪ ብባል የማሳየው ይህችን የአንድ ጠዋት ሙከራ ነው። መጠኑን ግን አጥብቃችሁ ፈትሹ፤ እኔ በ50 ፒኮግራም የዳኑት በ200 ፒኮግራም ሞተውብኛል፤ ጤነኞቹ ፅንሶችም በዚያ መጠን ስለሞቱ ብቻ ነው ጥፋቱ የብዛት እንደሆነ ያወቅሁት።

የቀረው ፕሮቲኑ የትኞቹን ጂኖች እንደሚያነቃ ማወቅ ነው። ለዚያ ፕሮቲኑን ዲኤንኤውን እንደያዘ የሚያጠምድ አንቲቦዲ ያስፈልጋል፤ የእኛው እንዳልሆነ ታውቋል። ስለዚህ በራሱ በዓሣው ዘረመል ላይ፣ በፕሮቲኑ መጀመሪያ ጫፍ፣ በደንብ የተፈተነ አንቲቦዲ ያለው አጭር ምልክት የተተከለባቸው ዓሦች አሳድገናል፤ በዚህም እናቲቱ ራሷ ምልክት ያለበትን ፕሮቲን ለእንቁላሎቿ ትሰንቃለች። ሴቶቹ ዛሬ ሁለት ወር ሆኗቸዋል፤ እንቁላል መጣል እስኪጀምሩ አንድ ወር ያህል ይቀራል።